የውስጥ ውሃ

«ቢሮ ነው የምትሠራው፤ ወረቀት ላይ ናት።»

የብርጓል ይህን የአማቷን ቃል የሰማችው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር ስታስር ነው። ከመጋረጃው ወዲያ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ እንግዳው መሪጌታ አካለ ወልድ ነበሩ። መሪጌታ የባሏ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ የይታያል፣ አጎት፣ የሟች አባቱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አምበር አጠገብ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምራሉ። ወንድማቸው ካረፉ ወዲህ በዚህ ቤት ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ የሚጠበቀው የእሳቸው ቃል ነው። ትናንት ማታ ዝናብ ደብድቧቸው ገብተው፣ እግራቸውን ታጥበው፣ ትንሽ ቀምሰው ተኙ እንጂ ብዙ አልተጫወቱም ነበር። ጠዋት ግን «ምራትሽ በዚህ ማለዳ ወዴት ልትወጣ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱ ይኸው ሆነ። «ወረቀት መልካም ነው» አሉ መሪጌታ። «እኔም ማርቆስን ተሳልሜ ወደ ቶርኖ ቤቱ ልውጣ። የወፍጯችን ሻፍት ዛሬ ይደርሳል ብለውኛል። መንገዱ ክፍት ሳለ ካልተመለስሁ ደግሞ መቼ እንደሚከፈት ማን ያውቃል?»

የብርጓል ክሩን እንደያዘች ቀረች። መሪጌታ ቶርኖ ቤት የሚሉት እሷ የምትሠራበትን የብረት መቁረጫ ቤት ነው፤ ሻፍቱም ትናንት ከሰዓት በራሷ እጅ ማሽኑ ላይ ያሰረችው ነው። አማቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፤ ስትደክም እራቷን አሙቀው ይጠብቋታል፣ ስትታመም እግሯን ያሿታል። ስለ ሥራዋ ግን ጠይቀዋት አያውቁም። የሥራ ቱታዋ ሲታጠብ ከሌላው ልብስ ጋር ደጅ ገመድ ላይ አይሰጣም፤ ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ከጣሪያው ሥር ነው የሚሰቀል። የብርጓል ይህን ለዝናቡ ብለው ነው ትል ነበር። አሁን በጋም ክረምትም እዚያው ይሰቀል እንደነበር ትዝ አላት።

መጋረጃው ተገለጠና አማቷ ገቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዛሬ ቅሪ» አሏት።

«ምን ሆኜ እማማ?»

«አሟታል እላለሁ። ለአንድ ቀን ነው። እሳቸው ሲመለሱ ነገ ትገቢያለሽ።»

«ሻፍቱን የምጨርሰው እኮ እኔ ነኝ። ማሽኑን ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔ ከቀረሁ ባዶ እጃቸውን ነው የሚመለሱት።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ወለሉን አዩ። ከዚያ የመጋረጃውን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው እያሹ፣ የጨርቅ ዓይነት እንደሚመረምር ሰው፣ «ብረት እንደምትነኪ አይወቁብኝ። ሌላ ምንም ጠይቄሽ አላውቅም» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሌላ ምንም ጠይቀዋት አያውቁም። የብርጓልም ስለዚህ ነው ልቧ ይበልጥ የቆሰለው። «እሄዳለሁ እማማ» አለችና ቁርሷን ሳትቀምስ፣ በጓሮ በር ወጣች።

ሐምሌ ነው። ደብረ ማርቆስ ሐምሌን የምታሳልፈው በጭቃና በጉም ነው፤ ባጃጆቹ ጭቃውን ሰበብ አድርገው ዋጋ ስለሚጨምሩ የብርጓል በእግሯ ትሄዳለች። መንገድ ዳር በቆሎ የሚጠብሱ ሴቶች ላስቲክ ወጥረው እሳታቸውን እፍ ይላሉ፤ ባለ እህል መጋዘኖቹ ጆንያቸውን ከፍ አድርገው ከርጥበት ይከላከላሉ። እየሄደች ስለ አማቷ ላለማሰብ ስለ ሻፍቱ አሰበች። ሻፍቱ የደብሩ ወፍጮ ድንጋይ የሚዞርበት የብረት ዘንግ ነው። አካባቢው ሁሉ እዚያ ያስፈጫል፤ ከገቢውም የአብነት ተማሪዎቹ ይመገባሉ። የመጀመሪያው ሻፍት ሲያረጅ ሌላ ከተማ ወስደው አሠሩ፤ የሠራው ሰው ግን መሀሉን ሳይበሳው ሰጣቸው። በሁለቱ ድንጋዮች መካከል የተደበቀው፣ ሻፍቱን አቅፎ የሚያዞረው ኩሽኔታ ግራሶ የሚባለውን ቅባት የሚያገኘው በዚያ ቀዳዳ ነው። ግራሶ ሲያጣ ደረቀ፣ ሲደርቅ ጋለ፣ ሻፍቱም ተጣሞ ወፍጮው ቆመ። የተጣመመውን በአንድ እህል ነጋዴ እጅ ልከው አዲስ እንዲሠራላቸው አዘዙ። አዲሱ በቶርኖ ተስተካክሎ አልቋል፤ የቀረው ቀዳዳው ብቻ ነው። ስፋቱ የትንሽ ጣት ያህል፣ ጥልቀቱ ስንዝር የሚያህል፣ ቀጥ ያለ ቀዳዳ።

የቶርኖ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሙላት ከማሽኑ ፊት ቆመው ነበር የጠበቋት። ማሽኑን አዲስ አበባ ከተዘጋ አንድ ፋብሪካ ገዝተው፣ በትልቅ መኪና አስጭነው፣ የግቢውን አጥር አፍርሰው ነው ያስገቡት። ብረት ሲቆረጥ ይግላልና ሁሉም ማሽን የሚያቀዘቅዝ፣ ወተት የመሰለ የዘይትና የውሃ ድብልቅ ከጎን በቱቦ ይፈስለታል። ይኼኛው ግን ሌላ መንገድም አለው። ድብልቁ በኃይለኛ ፓምፕ ተገፍቶ በማሽኑ ራስ መሀል ለመሀል ይወርድና፣ መሰርሰሪያው ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቀዳዳዎች አልፎ፣ ብረቱ በሚቆረጥበት ጫፍ ላይ ይፈነዳል። እዚህ ቤት የመጀመሪያውን የውጭ ውሃ፣ ሁለተኛውን የውስጥ ውሃ ይሉታል።

«በውጭ ውሃ ሥሪው» አሏት ጋሽ ሙላት።

«ስንዝር እኮ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ግን የውስጡ ማጣሪያ፣ ፊልትሮው፣ አልቋል። ያ ሁሉ የብረት ብናኝ የማሽኑ ራስ ውስጥ ከገባ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይቆርጠዋል። ያኔ ማሽኑ ለወራት መቆሙ ነው። አንቺ ደግሞ የውስጥ ውሃውን ቁልፍ ትወጃታለሽ። ያን ጊዜ ሰሌዳውን ስናስተካክል ምን እንዳደረግሽ አትርሺ።»

አልረሳችም። ማሽኑ በመጣ ሰሞን የውስጥ ውሃ ለሁሉ የሚሆን መስሏት ነበር። አንድ ጠንካራ የብረት ሰሌዳ ፊቱን ስትልግ ከፈተችው። የመቁረጫው ጥርሶች ብረቱን ሲነኩ ይግላሉ፣ ሲለቁ ውሃው ድንገት ያቀዘቅዛቸዋል፤ ጋለ ቀዘቀዘ ሲሉ ውለው እንደ ብርጭቆ ተሰነጣጠቁ። ያ ሥራ በደረቁ፣ በነፋስ ብቻ ነበር መሠራት የነበረበት። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ከመንካቷ በፊት ሁለት ጊዜ ታስባለች፤ ጋሽ ሙላት ግን አሁንም ያቺ የመጀመሪያዋ የብርጓል ናት የምትታያቸው።

መሪጌታ የደረሱት በአጭሩ መሰርሰሪያ መነሻውን በስታ ስትጨርስ ነው። ጥቁር ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ የጎማ ቦቲያቸውን ደፉ ላይ ጠርገው ገቡ። አይተዋት ቆሙ። ሰማያዊ ቱታ ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠምጥማ፣ እጆቿ እስከ ክርናቸው ነጭ ድብልቅ ነክቷቸዋል። የምትደበቅበት አልነበረም፤ መደበቅ መፈለጓንም እርግጠኛ አልነበረችም። ጎንበስ ብላ «እንደምን አረፈዱ መሪጌታ» አለች። እሷን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ።

«ቢሮሽ ሰፊ ነው» አሉ።

ጋሽ ሙላት ነገሩ ስላልገባቸው ሳቁ። የብርጓል አልሳቀችም፤ መሪጌታም አልሳቁም። የተደፋ ሣጥን ላይ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተቀመጡ።

በውጭ ውሃ ጀመረች። መሰርሰሪያው ትንሽ ይገባል፣ ይወጣል፣ ፍርፋሪውን ያራግፋል፣ ተመልሶ ይገባል። እስከ ስፋቱ ሦስት አራት እጥፍ ድረስ ደህና ሄደ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ተለወጠ፤ ያልተቀባ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ጩኸት አሰማ። የሚወጣው ፍርፋሪ ወርቅማ የነበረው ሰማያዊ ሆነ፣ ቀጥሎም ጭስ መጣ። የብርጓል ቁልፉን ተጭና አቆመችው። መሰርሰሪያውን ስታወጣው ጫፉ ጠቁሯል፤ ትንሽ ብትቆይ ውስጡ ተጣብቆ ይሰበር ነበር፤ ሻፍቱም አብሮ ይጠፋል።

«ምነው ቆመ?» አሉ መሪጌታ።

«ውሃው ከላይ ነው የሚፈሰው። ጉድጓዱ አጭር ሲሆን ይበቃል። ሲጠልቅ ግን ከሥር የሚወጣው ፍርፋሪ ውሃውን ይመልሰዋል፤ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።»

«ከንፈር ረጥቦ ጉሮሮ ደረቀ በይኛ።»

«እንደዚያው ነው። ከውስጥ ሲመጣ ግን ጫፉን ያጠጣል፣ ፍርፋሪውንም እየገፋ ይዞት ይወጣል።»

ጋሽ ሙላት ጢማቸውን እያሻሹ ሰሟት። ነገሩን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ የፈሩት ማሽኑን ነው። «አዲሱ ፊልትሮ ከአዲስ አበባ ተጭኗል። ሁለት ሦስት ቀን ይታገሡን መሪጌታ» አሉ። መሪጌታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጥቂት አዳመጡ። «መታገሥ እንታገሣለን» አሉ በመጨረሻ። «ተማሪዎቹ እህል አላጡም፤ ዱቄት ነው ያጡት። ስንዴውን ቀቅለው ነው የሚበሉት። ከመካከላቸው ሆዱን የሚያመው ሕፃን አለ፤ እሱን ጎረቤት እያዞርን እናበላዋለን። መንገዱ ግን ከተዘጋ ሁለት ቀን ይሁን ሁለት ሳምንት እኔ አላውቅም።»

የብርጓል ወደ ማሽኑ ጀርባ ዞራ የፊልትሮውን ክዳን ፈታች። ፊልትሮው ከረጢት ነው፤ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ አፉ በብረት ቀለበት የተወጠረ፣ ወፍራም የሱፍ ዓይነት ጨርቅ። ሥሩ ተቀድዶ በውስጡ ጭቃ የመሰለ የብረት ብናኝ ሞልቶታል። ቀለበቱ ግን ደህና ነው። «ቢሰፋስ?» አለች። «ለዛሬ፣ ለዚህች አንዲት ቀዳዳ። ግፊቱንም ዝቅ አድርጌ።»

«ማን ይሰፋዋል? ተራ ስፌት ያንን ግፊት አይችልም» አሉ ጋሽ ሙላት።

ማን እንደሚችለው የብርጓል ታውቃለች። በከተማው የካህናት ካባ፣ የቅዳሴ ልብስ፣ የድባብ ዘርፍ የሚሰፉት አማቷ ናቸው። የእሳቸው ስፌት ከጨርቁ በኋላ ነው የሚያረጀው ይባላል። ከረጢቱን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። መንገዱን ስትሄድ ጠዋት ከተናገሩት ይልቅ የአያያዛቸው ነገር፣ መጋረጃውን እንዴት እንዳሹት፣ በዓይኗ ይመጣባት ነበር። ተመልሳ በጓሮ በር ልትገባ አሰበች፤ ከዚያ ተወችው።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ መስኮቱ ሥር፣ የእግር ስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። ቤቱ እንደ ሁልጊዜው የአዲስ ጨርቅና የከሰል ካውያ ሽታ ይሸታል፤ ግድግዳው ላይ አንድ አረንጓዴና አንድ ጥቁር ካባ ተሰቅሏል። አጠገባቸው ጎረቤታቸው እትዬ ምሥራቅ ለሰንበቴ የሚለብሱት ቀሚስ ጠርዙ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። አማቷ ፌስታሉን አዩ፤ ከሥሩ ነጭ ጠብታ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ዓይናቸው «አሁን አይደለም» አላት። የብርጓል ግን ጊዜ አልነበራትም።

«እማማ፣ ይህንን አስመስለው ይሰፉልኛል? ለማሽኔ ነው። ያለዚህ የመሪጌታ ሻፍት አያልቅም።»

የእግር መኪናው ጎማ ቆመ። «የምን ማሽን?» አሉ እትዬ ምሥራቅ።

«የብረት መቁረጫ። ቶርኖ ቤት ነው የምሠራው።»

«ውይ፣ እኔ ደግሞ ማዘጋጃ ቤት ይመስለኝ ነበር» አሉና እትዬ ምሥራቅ ወደ ቀሚሳቸው ተመለሱ። «ወለተ ጊዮርጊስ፣ ይኼ ጠርዝ ትንሽ አልሰፋም?»

ከዚህ በላይ የሆነ ነገር አልነበረም። ጣሪያው አልተናደም። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ፊታቸው ጠቁሮ እጃቸውን መኪናው ላይ አሳረፉ። የብርጓል ከቤቱ ሊያስወጧት ነው ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን እጃቸውን ዘረጉ። ከረጢቱን ተቀብለው ገለበጡት፣ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተከተሉት፣ የተቀደደበት ሲደርሱ ቆሙ።

«ምንድን ነው የሚያልፍበት?»

«ውሃና ዘይት። በጣም ይገፋል።»

«አቡጀዲ አይችለውም። ሸማም ያሳልፋል።» ከአልጋው ሥር ካርቶን ስበው ጥቁር ወፍራም ሱፍ አወጡ። «የካባ ትራፊ ነው፤ ገና ስላልተባረከ ነውር የለውም። ሁለት ድርብ አደርገዋለሁ። ቀለበቱን ተዪልኝና ሂጂ።»

«በማን ይልኩልኛል?»

አማቷ መቀሳቸውን አንሥተው ሱፉን መቁረጥ ጀምረው ነበር።

የብርጓል ስትመለስ የድብልቁን ታንክ ቀድታ ባዶ አደረገችው። ሥሩ የረጋው ብናኝ የጉድጓድ ጭቃ ይመስላል፤ በእጇ እየዛቀች አወጣች። መሪጌታ ይህንን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ጋቢያቸውን ሣጥኑ ላይ ጥለው፣ እጀታቸውን ሰብስበው ባልዲ ያዙላት። ጋሽ ሙላት «ኧረ መሪጌታ፣ ይተዉ!» ሲሉ «ወፍጮው የማን ነው?» ብለው መለሱ። ሦስቱም አብረው ሠሩ። ንጹሑን ድብልቅ መልሰው ሲሞሉ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ፤ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። ነጠላቸው ረጥቧል፣ ከረጢቱን ግን ከጉያቸው ሸሽገው ጠብታ አላስነኩትም። ክር ያለበት መርፌ ቀሚሳቸው ደረት ላይ ተሰክቷል። በዚህ ደጃፍ ሲያልፉ ስንት ዓመታቸው ነው፤ አንድ ቀን ግን ገብተው አያውቁም።

«አፉ ልክ ካልሆነ ላጠብበው ብዬ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

መሪጌታ ተነሡ። ሁለቱ ጠዋት በአንድ ቤት ያልነበሩ ይመስል እንደ አዲስ ተሳሳሙ፣ ደህንነት ተጠያየቁ። ከዚያ አማቷ ሣጥኑ ላይ ተቀምጠው ከረጢቱን ቀለበቱ ላይ አስገቡ። በእርግጥ ትንሽ ሰፍቶ ነበር። ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ክሩን በሰም እየሳቡ፣ ዙሪያውን አጠበቡት። ጣቶቻቸው ፈጣን ናቸው፤ መርፌው ወፍራሙን ሱፍ ሲወጋ «ጥ» የሚል ድምፅ ያሰማል። መሪጌታ ቆመው ያዩ ነበር። ድንገት፣ ስለ ዝናቡ እንደሚያወራ ሰው፣ እንዲህ አሉ፦

«ወለተ ጊዮርጊስ፣ እጅሽ የአባትሽ እጅ ነው። እሳቸው የቀጠቀጡትን ማረሻ ወንድሜ ከተማ እስኪገባ ድረስ አርሶበታል። ድንጋይ ሲነካ የሌላው ማረሻ ይታጠፋል፤ የእሳቸው አይታጠፍም ነበር።»

መርፌው ቆመ። የብርጓል ከታንኩ ቀና አለች። አማቷ የመጡት ከገበሬ ቤት ነው ይባላል፤ አባታቸው በጉንደ ወይን ገበሬ እንደነበሩ ባሏ ይታያልም፣ ሌላውም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቀጥቃጭ የሚል ቃል በዚህ ቤት ተነሥቶ አያውቅም። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ራሳቸውን አላነሡም። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና ከረጢቱን ለየብርጓል ዘረጉላት። «ሞክሪው» አሉ።

የብርጓል ከረጢቱን አስገብታ ክዳኑን አጠበቀች። ረጅሙን መሰርሰሪያ ቀስ እያደረገች በመነሻው ቀዳዳ አስገባችው፤ ረጅም መሰርሰሪያ በአየር ላይ በፍጥነት ከዞረ እንደ ልምጭ ይርገበገባልና። ጫፉ ውስጥ ሲገባ የማሽኑን በር ዘጋች፣ ጋሽ ሙላትን አየቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁልፉን ተጫነች። ፓምፑ ጮኸ፣ የመስተዋቱ መስኮት ነጭ ሆነ፣ ምንም አይታይም። ከዚህ በኋላ ያለው በጆሮ ነው። በውስጥ ውሃ ሲበሳ እንደ ውጩ መግባትና መውጣት የለም፤ አንዴ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው ነው። ብረቱ የተቆጣ ንብ ድምፅ አለው፤ እኩል፣ ያልተቋረጠ። የብርጓል አንድ እጇን ማቆሚያው ላይ አድርጋ የግፊት መለኪያውን መርፌ ትመለከታለች።

ከግማሽ በላይ ሲሄድ መርፌው መውረድ ጀመረ። ሱፉ ብናኝ እየያዘ ውሃውን እያሳነሰው ነው። ጋሽ ሙላት «አቁሚው!» አሉ። ብታቆመው ፍርፋሪው ውስጥ ረግቶ መሰርሰሪያውን ይይዘዋል፤ ካላቆመችው ደግሞ ውሃው ሊያልቅባት ይችላል። አላቆመችውም። መሰርሰሪያው መዞሩን ሳይተው ወደ ታች መግፋቱን ብቻ ገታችው። ውሃው የተጠራቀመውን ፍርፋሪ ሲያወጣ በመስተዋቱ ላይ እንደ ጠጠር ተረጨ። መርፌው ባለበት ቆመ፣ ጥቂት ወደ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ከበፊቱ በዝግታ ቀጠለች። አማቷ ሣጥኑ ላይ እንደተቀመጡ፣ ዓይናቸውን ከማሽኑ ጀርባ፣ ስፌታቸው ካለበት አልነቀሉም። ድምፁ ሳይለወጥ መጨረሻው ደረሰ። ፓምፑ ሲጠፋ የዝናቡ ድምፅ ተመልሶ መጣ።

ሻፍቱን ስታወጣው ሞቅ ያለ እንኳ አልነበረም። በነፋስ አጥርታ ወደ ብርሃን ያዘችው፤ የጉድጓዱ ግድግዳ እስከ ታች ያበራል። ከዚያ ግራሶው ወደ ኩሽኔታው የሚወጣባትን አጭር ቀዳዳ ጋሽ ሙላት ራሳቸው በጎኑ በሱላት፤ ለእሷ የውጭ ውሃ በቃት። መሪጌታ በጫፉ በኩል እፍ ሲሉ ነፋሱ በጎኑ መጥቶ ጣታቸውን ነካው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ፤ ለጋሽ ሙላት፣ ለየብርጓል፣ ዘግየት ብለው ደግሞ ለወለተ ጊዮርጊስ። ወደ አምበር የሚሄድ ሚኒባስ መናኸሪያው ላይ እየሞላ ነበርና ሻፍቱን በጆንያ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ሄዱ። ጋሽ ሙላት ፊልትሮውን ፈትተው አዩት፤ ሱፉ ጠጥሯል፣ ስፌቱ አልተፈታም። አዲሱ እስኪመጣ ማሽኑ አይነካም አሉ። የብርጓልም እንደዚያው ነበር የምታስበው።

አማትና ምራት በአንድ ጃንጥላ ወደ ቤት ሄዱ። የበቆሎ ጠባሾቹን አለፉ፣ የእህል መጋዘኖቹን አለፉ። የቀበሌው መዝናኛ ጋ ሲደርሱ አማቷ ቆሙ።

«መሪጌታ ያውቁ ነበር» አሉ። «ያን ሁሉ ዘመን ያውቁ ነበር።»

«ምኑን እማማ?»

«አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻውን ይገዙታል፤ ቤቱ ግን አይበሉለትም። የሰው ልጅ ከታመመ የእሱ ዓይን በልቶት ነው ይላሉ። እኔን እናቴ በሕፃንነቴ አክስቷ ዘንድ ሰደደችኝ። የገበሬ ልጅ ነኝ ብዬ አገባሁ።» ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። «አንቺን ያፈርሁብሽ መስሎሻል። ሰው አንዴ የብረት ነገር ካነሣ ወሬው የት እንደሚያርፍ አይታወቅም ብዬ ነው። እኔ እኮ አባቴ ሲሞት አልሄድሁም፣ የብርጓል። ነገሩኝ፤ ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ።»

የብርጓል ጠዋት «አሟታል እላለሁ» ያሉት ከየት እንደመጣ አሁን ገባት። ክንዳቸውን ያዘቻቸው። እጇ ገና የዘይት ሽታ ነበረበት። «ይታያል ያውቃል?» አለች።

«አያውቅም። ማን ይነግረዋል?» አሉ። ዝናቡ እያባራ ነበር። አንድ ጋሪ ጭቃ እየረጨ አለፋቸው። «ደውይልኝ» አሉ።

«አሁን? መንገድ ላይ ነው እኮ፣ መኪና እየነዳ ነው።»

«አሁን ደውይ። ቤት ከገባሁ እተወዋለሁ።»

ደወለች። ይታያል አነሣ፤ ከጀርባው የከባዱ መኪና ሞተር ያጓራል። ዓባይን ወጥቶ ደጀን ሊገባ መሆኑን ተናገረ፤ ደህና ናችሁ ወይ፣ አጎቴ መጥተው ሄዱ ወይ አለ። የብርጓል ስልኩን ለአማቷ ሰጠቻቸው። እሳቸው በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ስልክን ሁልጊዜ የሚይዙት እንደዚያ ነው። መዝናኛው አጥር ሥር ያለችው የድንጋይ ካብ ላይ፣ እርጥቡን ሳያዩ፣ ተቀመጡ።

«ይታያል፣ መኪናውን ዳር አስይዘው» አሉ።

«ምነው እማዬ? ምን ሆናችሁ?»

«ምንም አልሆንንም። ዳር አስይዘውና አጥፋው። ስለ አያትህ የምነግርህ ነገር አለኝ።»

ፍሬኑ ሲተነፍስ ሁለቱም ሰሙት። ሞተሩ ጥቂት አጓርቶ ጠፋ፤ በስልኩ ውስጥ የመንገዱ ነፋስ ብቻ ቀረ።

«እሺ እማዬ» አለ ይታያል። «ቆሜያለሁ።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ መናገርም ጀመሩ።